ፒካፔ ድልድይ በነካች ቁጥር መሪዋ ያንዘፈዝፋል፤ ከየት ልጀምር?

ሸዋሮቢት_ጫኝ
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ቤት የገባሁት፤ እንቅልፍም እምቢ ብሎኝ አደረ።

መኪናዋ ላንድክሩዘር ፒካፕ ናት፤ ኤችዜድጄ 79፣ የ2004 እ.ኤ.አ. ምርት፣ ጎማዋ 7.50 አር 16። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኜ ደብረ ብርሃን እወጣለሁ፣ ስመለስ አብዛኛውን ጊዜ ባዶዬን ነኝ። ነገሩ ከጀመረ አራት ወር ሆነው። ወደ አጣዬ ስሄድ ሜዳው ላይ 80 ገደማ ይዤ የአንዲት ትንሽ ድልድይ መጋጠሚያ የግራ ጎማዬን ነካ ሲያደርገው፣ በዚያችው ቅጽበት መሪው ከእጄ ሊወጣ ይደርሳል። መርገብገብ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያለ በኃይል ይመታል፤ ኮፋኖው ሲዘል ይታየኛል። ወደ 50 ካላወረድኩ አይለቀኝም። ትናንት የ9 ዓመት ልጄ ከጎኔ ነበረች። ምንም አላለችም፣ ክንዴን ብቻ ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

እስካሁን ያደረግኩት፦ የመሪውን አሞርዛቶር (ንዝረቱን የሚያበርደውን) ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። የመጀመሪያው ሦስት ሳምንት አሳረፈኝና ተመለሰ፣ ሁለተኛው አንድ ወር እንኳ አልቆየም። የፊት ጎማዎቹ አዲስ ናቸው። የወሰድኩበት ጋራዥ ‹‹መንገዱ ነው፣ ቀስ ብለህ ንዳ›› አለኝ። መንገዱ ለሌላው ፒካፕ ሁሉ ያው መንገድ ነው። እባካችሁ የምታውቁ አትለፉኝ።

ጎሚስታ_22
ወንድሜ እንኳን በሰላም ገባህ። ጎማዎቹ አዲስ ናቸው ማለት ባላንስ ተሠርተዋል ማለት አይደለም። ሂሳቡን አብረን እንየው፦ 7.50 አር 16 ጎማ ቁመቱ 80 ሳንቲ ገደማ ነው፣ አንድ ዙር ሲዞር 2 ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። በ80 ፍጥነት በሰከንድ 22 ሜትር ትበላለህ። ስለዚህ ጎማህ በየሰከንዱ ወደ 9 ጊዜ ይዞራል። አንድ ጎኑ ከብዶ ከሆነ መሪህን በሰከንድ 9 ጊዜ ይመታልሃል። ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ብቻ እንኳ ይበቃዋል። ባለ ቀለበት ቸርኬ ከሆነ ደግሞ ቀለበቱ በደንብ አልተቀመጠ ይሆናል። ጎማውን በክሪክ አንሥተህ አሽከርክረውና ከፊቱ አንድ ቡሎን አስጠግተህ ያዝ፤ ክፍተቱ እየሰፋ እየጠበበ ከሄደ ወይ ቸርኬው ጎብጧል ወይ የጎማው ሽቦ ተላቋል። አዲስ ጎማም ሽቦው ይላቀቃል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሮጌ_ቁልፍ
ጎሚስታው ያለው ልክ ነው፣ ባላንሱ ይታይ። ነገር ግን ልጄ፣ የጻፍከውን ደግመህ አንብበው። የባላንስ ችግር ድልድይ አይጠብቅም። 70 ስትገባ ይጀምራል፣ 95 ስታልፍ ይተውሃል፣ በለስላሳውም አስፋልት ላይ ይመጣል። ያንተዋ ግን ደህና እየሄደች፣ አንድ ነገር ሲነካት ትነሣና ፍጥነት ካልቀነስክ አትበርድም። ራሱን በራሱ የሚመግብ ማንዘፍዘፍ ነው። 34 ዓመት ከመኪና ሥር ተኝቻለሁ፤ እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ መካኒክ ብዙ ሰው አስከስሯል።

እንዴት እንደሚሆን ልንገርህ። የ79 የፊት አክስል አንድ ድፍን ነው፣ ሁለቱ ጎማዎች በእሱ ላይ ናቸው፣ በመሪ ዘንግም ተያይዘዋል። አክስሉን ሞላ ተሸክሞታል፤ ሞላ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን አይዝም። ወደ ጎን የሚይዘው አንድ ዘንግ ብቻ ነው፦ ከአንድ ወገን ሻንሲው (የመኪናዋ አጽም) ላይ፣ ከሌላው ወገን አክስሉ ላይ የታሰረው አግዳሚ ዘንግ፣ ፓናርድ የሚባለው። የእሱ ጎሚኒ (ጫፉ ላይ ያለው የጎማ ትራስ) ካለቀ ወይም ቡሎኑ ከላላ፣ ግራ ጎማህ ድልድዩን ሲመታ አክስሉ በሙሉ ጥቂት ሚሊ ወደ ጎን ይሄዳል። የመሪው ቦክስ ግን ሻንሲው ላይ ነው፣ አብሮት አይሄድም። እንግዲህ አክስሉ ሸሸ፣ መሪው ቆመ፤ ማንም ሳይነካው ጎማው ታጠፈ ማለት ነው። ጎማው መንገዱ ገፍቶት ሲመለስ አልፎ ይሄዳል፣ አክስሉን በተቃራኒው ይገፋዋል፣ እንደገና ይመለሳል። በዚያ ፍጥነት መልሶ የሚያረጋጋው ነገር ከሌለ መሪውን ከእጅ ይነጥቃል።

አሞርዛቶሩ ሦስት ሳምንት አሳረፈኝ ያልከው ትልቅ ምልክት ነው። አዲሱ አሞርዛቶር ማንዘፍዘፉን በጉልበቱ ይዞ ቆየ፣ ልልነቱ ግን እዚያው ነበረ፤ እየመታ እየመታ አሞርዛቶሩንም ገደለው። ሦስተኛ አትግዛ።

አሁን አንድ ሰው መሪው ላይ አስቀምጥ። መኪናዋ ክሪክ ላይ እንዳትሆን፣ በአራት እግሯ መሬት ላይ ትቁም። ሞተሩ ይነሣ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ። ሰውየው መሪውን ሩብ ዙር ያህል ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ያድርገው፣ ሳያቋርጥ። አንተ ከሥር ገብተህ ከመሪው ቦክስ ጀምረህ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጅህ ጨብጥ። አውራ ጣትህ ዘንጉ ላይ፣ ሌባ ጣትህ ማሰሪያው ላይ ይሁን። ዓይን የማያየውን አንድ ሚሊ ጣትህ ያገኘዋል። የፓናርዱን ሁለት ጫፍ ከሁሉም አብልጠህ ያዝ። የመሪው ቦክስ ከሻንሲው ጋር የታሰረባቸውንም ቡሎኖች እይ፤ ዙሪያው ላይ ቡናማ የዝገት ዱቄት ካለ እዚያ ቦታ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው።

ጅማ_ስምሪት
ጋሼ ያሉት እስኪፈተሽ ድረስ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ የድርጅት መኪኖች ስምሪት ላይ ነው የምሠራው፣ ለሾፌሮቻችን በየጊዜው የምንነግረው ነው። ማንዘፍዘፉ ሲጀምርህ ፍሬን በኃይል አትርገጥ። ክብደቱን በሙሉ ፊት ላይ ትጥለውና ይብስብሃል። ቤንዚኑን ልቀቅ፣ መሪውን በሁለት እጅ ያዘው፣ ግን ተቃውመህ አትታገለው፤ አውራ ጣቶችህን ከመሪው ክብ ውስጥ አውጣቸው፣ ጣት ይሰብራል። በራሷ ትቀንስ፣ ከዚያ ፍሬኑን ነካ ነካ እያደረግክ ዳር ያዝ።

ሌላው፣ ወንድሜ፣ ይህ ሳይፈታ ልጅህን አታሳፍራት። ጭነትም ቢሆን አትጫን። የቲማቲሙ ኪሳራ ይመለሳል።

ሸዋሮቢት_ጫኝ
እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። መኪናዋን አቁሜያታለሁ። ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ከወንድሜ ጋር እርስዎ እንዳሉት እናያታለን። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ጭኜ ስወጣ እምብዛም አይመጣብኝም፣ የሚብሰው ባዶዬን ስመለስ ነው። ይሄ ምን ይነግራል?

አሮጌ_ቁልፍ
ብዙ ይነግራል። የኋላ ባሌስትራ፣ ተደራራቢውን የብረት ቅጠል ማለቴ ነው፣ አስጨምረሃል?

ሸዋሮቢት_ጫኝ
አዎ፣ አምና ሁለት ሁለት ቅጠል በየጎኑ አስገብቻለሁ። ባዶዋን ስትሆን ኋላዋ ከፍ ብላ ትታያለች፣ በሜትር ብለካ 8 ሳንቲ ገደማ ከፋብሪካው ቁመት ትበልጣለች።

ዴንቨር_በረዶ
ይህን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ የምኖረው ኮሎራዶ ነው፣ እዚህ አገር ይህን ነገር ‹‹ዴዝ ዋብል›› ይሉታል፤ የሞት ማንዘፍዘፍ እንደማለት ነው። ፊታቸው ድፍን አክስል የሆነ ትልልቅ ፒካፖችና ጂፖች ላይ የታወቀ ነው።

የባሌስትራው ጥያቄ ለምን እንደመጣ እኔ ልሞክር፣ ጋሼ ያርሙኛል። የሳይክል የፊት ሹካ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ነው የተሠራው፤ እጅህን ብትለቅ እንኳ ጎማው ራሱ ቀጥ ይላል። መኪናም ላይ ያው ዘንበል ማለት አለ፣ ካስተር ይባላል። ኋላውን ስታነሣ መኪናዋ በአፍንጫዋ ትደፋለች፣ ዘንበል ያለው ይቃናል፣ ጎማውም ራሱን ቀጥ የማድረግ ጉልበቱን ያጣል። የነጠላ ጋቢና 79 በፊትና በኋላ አክስል መካከል 3 ሜትር ከ18 ሳንቲ ነው። በዚህ ላይ 8 ሳንቲ ኋላውን ብታነሣ ወደ አንድ ዲግሪ ተኩል ይወስድብሃል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ፋብሪካው የሰጠህ ካስተር ራሱ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ስትጭን ኋላው ይወርዳል፣ ካስተሩ ይመለሳል። ለዚያ ነው ጭነህ ስትወጣ የምታርፈው።

እኔ የደረሰብኝ ተመሳሳይ ነው፣ በሌላ መንገድ። ከፊቱ አሥር ሳንቲ የተነሣ ፒካፕ ገዛሁ፤ ያነሣው ሰው ሞላውን ብቻ ቀይሮ ፓናርዱን በነበረበት ትቶታል። ፓናርዱና ከመሪው ቦክስ የሚወርደው ዘንግ ጎን ለጎን ሆነው እኩል ማዘንበል አለባቸው። አንዱ ተኝቶ ሌላው ከቆመ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሁለቱ የተለያየ ቅስት ይስላሉ፣ መሪው ሳይነካ መኪናው ይታጠፋል። ክረምት ላይ ሀይዌይ 70 ላይ፣ ከኋላዬ ትልቅ ተሳቢ እያለ ያዘኝ። ያን ቀን በአፌ የመጣልኝ የእመቤቴ ስም ብቻ ነበር።

ሃይሉክስ_ባህርዳር
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። የእኔ የ2012 እ.ኤ.አ. ሃይሉክስ ነው፣ 100 ሲደርስ መሪው ስስ ንዝረት አለው። የኔም ይሄው ነው?

አሮጌ_ቁልፍ
አይደለም። ያንተ ሃይሉክስ ፊቱ ድፍን አክስል የለውም፣ ሁለቱ ጎማዎች ለየራሳቸው ናቸው። ወደ ጎሚስታው ሂድ፣ ባላንስ አሠራ፤ ፍሬን ስትይዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ የፍሬኑን ዲስክ አሳይ። ድፍን አክስል ያለው የድሮው ባለ ባሌስትራ ሃይሉክስ ነው።

ሸዋሮቢት_ጫኝ
ተገኘ! ቢያንስ አንዱ ተገኘ።

ወንድሜ መሪው ላይ ሆኖ ግራ ቀኝ ሲያደርግ እኔ ከሥር ገባሁ። ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንጎቹን የጫፍ መጋጠሚያዎች) ሁሉ ጨበጥኩ፣ ምንም። የፓናርዱ የአክስል ጫፍ ላይ እጄን ሳሳርፍ ‹ጭክ፣ ጭክ› የሚል ነገር በጣቴ መጣ፤ ከሞተሩ ድምፅ የተነሣ ጆሮ አይሰማውም፣ ጣት ግን ይሰማዋል። ቡሎኑን ፈታነው። ጎሚኒው ከመካከል ያለው ብረቱ ተላቆ እንደ ቀለበት በጣት ይዞራል። ከሱ የባሰው ቡሎኑ የሚገባበት የማሰሪያው ቀዳዳ ነው፦ ክብ የነበረው እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኗል። ቡሎኑም መካከሉ ላይ ተበልቶ ወገብ አውጥቷል። ፎቶ አንሥቻለሁ፣ ማታ እልካለሁ።

ጥያቄዬ፦ ያንን ሞላላ ቀዳዳ ምን ላድርገው? ጎረቤቴ ወፈር ያለ ቡሎን ክተትበት አለኝ።

አሮጌ_ቁልፍ
ጎበዝ! ወፍራም ቡሎን አይሆንም። የጎሚኒው ውስጥ ብረት የተሠራው ለፋብሪካው ቡሎን ልክ ነው፣ ወፍራሙ አይገባም፤ ብትቦረቡረው ጎሚኒውን ታበላሸዋለህ። ቀዳዳውንም በብየዳ ሞልቶ መልሶ መብሳት ለዚያ ቦታ አይታመንም። ሁነኛ በያጅ ፈልግ። ቀዳዳው ለአዲሱ ቡሎን ልክ የሆነ ወፍራም ብረት ያሠራና፣ ቡሎኑን ከትቶ መሃሉን አስተካክሎ፣ በማሰሪያው ላይ ዙሪያውን ይበየድ። ከመበየዱ በፊት ጎሚኒው ይውጣ፣ የባትሪውም ገመድ ይነቀል። ቡሎኑና ዳዶው አዲስ፣ ጥንካሬው የፋብሪካው ዓይነት ይሁን፤ ከሱቅ የምታነሣው ተራ ቡሎን አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ጋራዥ ያበላሸዋል። የፓናርዱን ቡሎን መጨረሻ የምታጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ ቆማ፣ ክብደቷን ይዛ ነው። ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ካጠበቅከው ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይታሰራል፤ ስታወርዳት ገና ከመነሻው እየተቀደደ ነው የሚኖረው።

ከዚያ ቀጥለህ የፔርኖውን (ጎማው ግራ ቀኝ የሚታጠፍበትን ምሰሶ) ኩሽኔታ እይ። ፓናርዱ አልቆ ለአራት ወር ሲመታ ኖሮ ኩሽኔታው ደህና ነው ብዬ አላምንም። የፊቱን በክሪክ አንሣ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው። ከተወዛወዘ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ተረግጦ ልልነቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ተረግጦም ካለ የፔርኖው ነው።

ጅማ_ስምሪት
ጋሼ፣ የፔርኖው ኩሽኔታ እኛም ጋ ሁለት መኪና ላይ ተገኝቷል፣ ሁለቱም ላይ ሳይወዛወዝ። ፍተሻውን አልፎ ኖሯል ማለት ነው። እሱን እንዴት ይለዩታል?

አሮጌ_ቁልፍ
ጥሩ ጠየቅሽ እህቴ። የፔርኖው ኩሽኔታ ልል አለመሆኑ ብቻ አይበቃም፣ የተወሰነ ጥብቀት አለው። ያ ጥብቀት ራሱ እንደ አሞርዛቶር ነው፤ ጎማው እንደፈለገ ግራ ቀኝ እንዳይል ይይዘዋል። ቴስቲናውንና ዘንጉን አላቅቂና፣ የመሪው ክንድ ጫፍ ላይ የሚሰቀል ሚዛን አያይዘሽ ሳቢ። ስንት ኪሎ ላይ መንቀሳቀስ እንደሚጀምር የመኪናው መመሪያ ይነግርሻል። በአንድ ጣት ገፍተሽው እንደ በር ከዞረ ግን ሚዛንም አያስፈልግሽ፣ ጥብቀቱ ጠፍቷል። ሌላው ደግሞ መካከሉ ላይ ሲደርስ ‹ቀጭ› ብሎ የሚያዝ ነው፤ ሮለሮቹ ቀጥታ በሚሄዱበት ቦታ ብረቱን ቆፍረውታል።

ሸዋሮቢት_ጫኝ
ይቅርታ አርፍጃለሁ፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አሥር ቀን ፈጀ።

ፓናርዱ ጋሼ እንዳሉት ተሠራ። ሄጄ ሞከርኳት፣ በዚያችው ድልድይ ላይ። በ60 ምንም፣ በ70 ምንም፣ በ80 ሁለት ሦስት ጊዜ ወዝወዝ አለችና ራሷ ቆመች። ድሮ እስከ 50 ካልወረድኩ አትለቀኝም ነበር። ደስ ብሎኝ ልተዋት ነበር፣ ግን እህቴ የጻፈችው ስለ ፔርኖው አላስተኛኝም።

ግራውን ፈታነው። ስናወርደው ግራሶ የለም! በግራሶ ፈንታ ጥቁር ሾርባ የመሰለ ነገር ፈሰሰ። የውስጡ የዘይት ማገጃ ጎማ አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ገብቶ ግራሶውን አጥቦታል። የታችኛው ኩሽኔታ ቀለበት ላይ ተርታውን የተደረደሩ ጉድጓዶች አሉ፤ ጥፍሬን ስሄድበት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይቆጠራል። በአንድ ጣቴ ገፋሁት፣ እውነትም እንደ በር ዞረ፣ መካከል ላይ ሲደርስ ቀጭ አለ። ቀኙ ትንሽ ይሻላል፣ ግን ሁለቱንም ቀየርን፣ የዘይት ማገጃዎቹንም። ስፔሶሮቹን (ከኩሽኔታው ጋር የሚገቡትን ስስ ብረቶች) የላይና የታች፣ የግራና የቀኝ እያልን በተለያየ ጣሳ አስቀመጥናቸው። ጥብቀቱ አነሰ ሲል መካኒኩ አንድ ቀጭን ስፔሶር አወጣ፤ ሽንኩርት የምመዝንበትን የሚሰቀል ሚዛን አምጥቼ ለካነው፣ መመሪያው ውስጥ ገባ።

ከዚያ የጎማዎቹን አቅጣጫ አስለካሁ። ከፊት ያለው ስፋት ከኋላ ካለው በ14 ሚሊ ይበልጣል፤ ወደ ውጭ ተከፍተው ነበር የሚሄዱት። መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው፣ ወደ ውስጥ ጥቂት ሚሊ።

ዴንቨር_በረዶ
እንኳን ደስ አለህ። የጎማውን አቅጣጫ ሲያስተካክሉ አንድ ነገር ይታይልህ፦ በዘንጉ ሁለት ጫፍ ያሉት ቴስቲናዎች አንድ ዓይነት ማዘንበል ላይ ሆነው ነው ማሰሪያቸው የሚጠብቀው። አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ ተጠማዞ ከታሰረ፣ መሪውን ስታዞር የቴስቲናው ኳስ ከጎድጓዳው ጫፍ ጋር ይጋጫል፣ እያደር ይሰበራል። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ራም ፒካፖች በመሪ ዘንግ ችግር የተነሣ እንዲፈተሹ ተጠርተዋል።

ጎሚስታ_22
ባላንሱስ? አልሰማሁም።

ሸዋሮቢት_ጫኝ
ተሠርቷል ወንድሜ፣ ልክ ነበርክ። የቀኙ ቸርኬ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ነበረ፣ በካቻቢቴ ፈልፍለን አወጣነው። ቴስቲናዎቹንም አየሁ፣ የግራው ተጠማዞ ነበር፣ አላልተን አስተካከልነው።

አሮጌ_ቁልፍ
አሁን የመሪውን አሞርዛቶር አውጣና ባዶ መንገድ ላይ ሞክራት። ከ40 ጀምር፣ አሥር አሥር እየጨመርክ። ጤነኛ 79 ያለ አሞርዛቶርም አታንዘፈዝፍም። ካንዘፈዘፈች የቀረ ልልነት አለ፣ ተመልሰህ ፈልገው። ሰው አትጫን።

ሸዋሮቢት_ጫኝ
ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ሰው ሳይበዛበት ሄድኩ። አሞርዛቶሩን ፈትቼ ጋቢና ውስጥ ወለሉ ላይ አስቀምጬዋለሁ። በ40፣ በ50፣ በ60 አለፍኳት። 70 ላይ መጋጠሚያዋ ‹ዱብ› አለች፣ መሪው ላይ ትንሽ ምት መጣና ሄደ። ዞሬ ተመልሼ በ80 ደገምኩት። ድልድዩን ስቀርብ እግሬ ቤንዚኑን ሊለቅ ይታገለኝ ነበር። ዱብ፤ አለፈ። ምንም! አጣዬ ድረስ ሄጄ ነው የዞርኩት።

አሞርዛቶሩን መልሼ አሠርኩ። ከኋላ የጨመርኩትን ቅጠል በየጎኑ አንድ አንድ አውጥቻለሁ፣ ባዶዋን ስትሆን አሁን 3 ሳንቲ ብቻ ነው የምትነሣው፤ ጭነቱን ቀነስ አድርጌ እወጣለሁ።

ጅማ_ስምሪት
ተመስገን። የቀየርከውን ሁሉ ከነኪሎሜትሩ ጻፈው። የፓናርዱን ቡሎን ከ500 ኪሎሜትር በኋላ አንድ ጊዜ ድገመው፣ አዲስ ብየዳ ስለሆነ ይረጋል፣ ይላላል።

ሸዋሮቢት_ጫኝ
ጽፌዋለሁ እህቴ፣ በፀሐይ መከላከያው ላይ ለጥፌዋለሁ። ቅዳሜ ልጄን ይዤ ነው የምወጣው። ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ብቅ ካሉ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አለብኝ።

አሮጌ_ቁልፍ
ሽንኩርቱን ለበያጁ ስጠው፤ ሥራውን የሠራው እሱ ነው። የፎቶውን ነገር ግን አትርሳ፣ ያንን ሞላላ ቀዳዳ ለልጆቹ ላሳያቸው እፈልጋለሁ።